ከግድግዳው በፊት መሳሳት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅታችን በገዛ እጅ ከአፈር ቤት ስለመሥራት ነው። በተለይ እርጥብ አፈር በጣውላ ፎርም ውስጥ እየተጨመረ፣ እየተጠቀጠቀ ስለሚቆመው ግድግዳ እንነጋገራለን። በዚያ ሥራ ላይ ሰዎች የት የት እንደሚሳሳቱ፣ ስህተቱንም እንዴት በርካሽ መማር እንደሚቻል እናያለን።

የምንነሣው ከመርካቶ ነው። ለምን ከመርካቶ?

አንደኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልሥራ ያለ ሰው ሚስማር ቢፈልግ፣ ቆርቆሮ ቢፈልግ፣ አካፋ ቢፈልግ መጀመሪያ የሚያስበው መርካቶን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከትልልቆቹ የገበያ ሕንፃዎች ጀርባ፣ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ያረጁ የጭቃ ቤቶች አሉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዋናውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ ሰፈሩ በአብዛኛው በእንጨትና በጭቃ ነው የተሠራው። እነዚህ ግድግዳዎች አፈር በአዲስ አበባ ዝናብ ውስጥ የት እንደሚጸና፣ የት እንደሚሸነፍ በግልጽ ያሳያሉ። ለትምህርቱ ክፍያ አይጠይቁም፤ ቆሞ ማየት ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እስቲ በሐሳብ አብረን እንሂድ። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ አካባቢ ተነሥተን ወደ ውስጥ ለውስጥ መንደሮቹ እንግባ። አንድ የጭቃ ግድግዳ ፊት ቆመናል። ከላይ ወደ ታች እንየው።

ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ያለው ጭቃ ደኅና ነው። የጤፍ ጭዱ ብልጭ ብልጭ ይላል። አንዳንዱ ላይ የመራጊው መዳፍ ያለፈበት መስመር ሳይቀር ይታያል። ይህ ጭቃ በዕድሜ ከብዙዎቻችን ይበልጥ ይሆናል።

አሁን ዓይናችንን ዝቅ እናድርግ፤ እስከ ጉልበት። ጭቃው ተሸርሽሯል። ማገሩ ወጥቶ ይታያል። የቋሚው ግርጌ ጠቁሯል፤ በጥፍር ቢጫኑት ይሰረጉዳል። ያው አንድ ጭቃ፣ ያው አንድ ግድግዳ፣ በአንድ ሰሞን የተመረገ። ላዩ ጤነኛ፣ ታቹ የበሰበሰ። ለምን ይመስላችኋል?

(ቆም)

መልሱ ውሃ ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ የወረደው ጠብታ መሬት ይመታና ተፈናጥሮ ግድግዳውን ይገርፈዋል። ከመሬት ውስጥ ያለው እርጥበትም ወደ ላይ ይሳባል። በእነዚህ ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መንገዱ ድንጋይ በተነጠፈበት ቁጥር፣ ጠጠር በተደፋበት ቁጥር ከፍ ይላል፤ ቤቱ ግን እንደነበረ ነው። ከጊዜ በኋላ ደጁ ከወለሉ በላይ ይሆናል። ክረምት ሲገባ የመንገዱ ጎርፍ ወደ ግድግዳው እግር ይዞራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ነጥብ ያዙልኝ። አፈር የሚሸነፈው በውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከላይም ከታችም ይመጣል። ልድገመው፦ ከላይም፣ ከታችም።

አዲስ ቤት ስንሠራ ይህን እንዴት እንጠቀምበታለን? የአፈሩ ግድግዳ መሬት አይነካም። ከመሬት በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ከድንጋይ ይገነባል፣ በላዩ እርጥበት የማያሳልፍ ነገር ይደረጋል፣ አፈሩ ከዚያ ይጀምራል። ደጁ ወደፊት በመንገድ ሥራ ሊያድግ እንደሚችል ከጠረጠራችሁ ድንጋዩን ጨምሩበት። የጣሪያው ክፈፍም ከግድግዳው ስልሳ፣ ሰባ ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ነፋስ የሚበረታበት ጎን ከሆነ ከዚያም በላይ። አሸንዳ ይኑረው። ብዙ ሰው ክፈፉ ላይ ቆርቆሮ ይቆጥባል። ቆርቆሮ ተራ ላይ የተረፈው ገንዘብ ኋላ በየክረምቱ ለምርጊት ይወጣል።

ይህን ሌሎችም ደርሰውበታል። በቻይና ፉጂያን ግዛት ቱሎ የሚባሉ ግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃዎች አሉ። ግድግዳቸው ከተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ፎቅ ይደርሳሉ። ከእነሱ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ለመቶዎች ዓመታት ያቆማቸው ምንድን ነው? ከሥር ድንጋይ አላቸው፤ ከላይ ደግሞ ሰፊ ክፈፍ።

ከዚያው ከመርካቶው ግድግዳ ሳንርቅ አንድ ነገር ጨምረን እንመልከት። አንዳንዱ የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ተለስኗል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ብላችሁ በጣታችሁ አንጓ ቆርቆር አድርጉት።

(ድምፅ፦ ባዶ ነገር ሲቆረቆር)

ሰማችሁ? ባዶ ነው። ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቋል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ አብሮ አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ጭቃው ከውስጥ ይሟሟል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ልስኑ በአንድ ቀን ገልበጥ ብሎ ሲወድቅ ነው። ለአፈር ግድግዳ የሚስማማው የጭቃና የጭድ ልስን ነው፤ ከተቻለም ኖራ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ይህ ስህተት የሚያገኘው ሥራ የማያውቀውን ሰው ሳይሆን ጭቃ የሚያውቀውን ነው።

ብዙዎቻችን ጭቃ ሲቦካ አይተናል። ደቦ ተጠርቶ፣ ጭዱ ተነስንሶ፣ ውሃው ፈስሶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ተቀምጦ ሲቦካ እናውቃለን። ስለዚህ «ከአፈር ቤት ሥራ» ሲባል እጃችን ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። ውሃ እንጨምራለን። ከጭድ ተራ ጭድ እንገዛለን። ጓሮ ያለውን ጥቁር ለም አፈር እንዝቃለን።

ለተጠቀጠቀ አፈር ግን ሦስቱም ስህተት ናቸው። ጭቃ ቤት ውስጥ ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ቋሚውና ማገሩ ቤቱን ያቆማሉ፤ ጭቃው ክፍተቱን ይሞላል። የተጠቀጠቀ አፈር ግን እንጨት የለውም። ራሱን ይሸከማል፣ ጣሪያውንም ይሸከማል። ሊሸከም የሚችለው ደግሞ ውስጡ ክፍተት ሲያጣ ነው።

ውሃ ሲበዛበት ውሃው ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ኋላ ሲደርቅ ግድግዳው ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ጭዱ አፈሩ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይከለክላል። ላይ ያለው ለም አፈር ደግሞ ሥርና ቅጠል አለበት፤ ይህ ሲበሰብስ ባዶ ይተዋል። ስለዚህ ላዩ ተገፍፎ ከሥር ያለው አፈር ነው የሚወሰደው። ለም አፈሩን አትክልት ዝሩበት።

ከጭቃ ቤት ልማድ መያዝ ያለበትም አለ። አባቶቻችን መጀመሪያ ቋሚ ያቆማሉ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ያለብሳሉ፣ ምርጊቱ በመጨረሻ ነው። ጭቃው የሚመረገው ከጣሪያ ሥር ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። በተጠቀጠቀ አፈር ሥራም በጊዜያዊ ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ወጥሮ ከሥሩ መሥራት ብዙ ግድግዳ ያድናል።

(ቆም)

«ግን ይህ ነገር እኛ አገር ይሠራል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራል፤ እዚሁ አዲስ አበባ ተሞክሯል። ከመርካቶ በተክለ ሃይማኖት አድርገን ወደ ልደታ ስንወርድ፣ ሰው እስካሁን ቢልዲንግ ኮሌጅ የሚለው ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመ ነው። ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆነ። ይኸው ተቋም ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ከአፈር ሠራ። የምድሩ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። የላዩ በቦታው ከተመረተ የአፈር ጡብ ተገነባ። ጣሪያው ደግሞ በስስ የአፈር ንጣፎች በቅስት የተሠራ ነው፤ እንጨት ለመቆጠብ።

እኔን ደስ የሚለኝ ቤቱ የቆመበት ምክንያት ነው። የሙከራ ቤት ነው። ሌላ ቤት ከመሠራቱ በፊት እንዲፈተን፣ እንዲታይ፣ ጉድለቱም እንዲታወቅ የተሠራ። እኛስ ለራሳችን ቤት ይህን ማድረግ ያቅተናል? አያቅተንም። ለዛሬው ዝግጅት የሰጠሁት ርእስም ይኸው ነው፤ መሳሳት ካለብን ከግድግዳው በፊት እንሳሳት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ሃይላንድ ይፈልጋል። የውሃ ፕላስቲክ ማለቴ ነው። እሱ ደግሞ በየቤቱ አለ።

ግድግዳ ልትሠሩበት ያሰባችሁትን አፈር የፕላስቲኩን አንድ ሦስተኛ ሙሉ። ቁንጥር ጨው ጨምሩ። ቀሪውን ውሃ ሙሉና በደንብ በጥብጡት፤ ከዚያ አስቀምጡትና አትንኩት።

ምን ይሆናል? ጠጠሩና አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሥር ይቀመጣል። በላዩ ደለሉ ይተኛል። ሸክላው አፈር እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ ከሁሉ በላይ ይረጋል። በማግስቱ ሦስት መደብ ታያላችሁ።

ለግድግዳ የምንፈልገው አብዛኛው ጠጠርና አሸዋ የሆነ፣ ሸክላው ከሦስት እጅ አንድ እጅ የማይሞላ አፈር ነው። ሸክላው ማጣበቂያ ነው፤ ሲበዛ ግን ሰንጣቂ ይሆናል። አዲስ አበባ ዳገታማ ሰፈሮች ላይ የሚገኘው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ሸክላ ይበዛበታል። ስለዚህ ገረጋንቲ ወይም አሸዋ ይቀላቀልበታል። አሸዋ ከሩቅ በሲኖትራክ ስለሚመጣ ውድ ነው፤ ደኅና ገረጋንቲ ከተገኘ ወጪውን ያቀልላል።

አቃቂና ቃሊቲ፣ ቦሌም በከፊል፣ ጥቁር ዋልካ የሚበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው። እዚያ መሬት ያላችሁ በጥንቃቄ አድምጡኝ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በዋልካ ግድግዳ አይጠቀጠቅም። መሠረትም ላዩ ላይ አይቀመጥም፤ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ሲሚንቶ ቢጨመርበት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ሳጥን ነው። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ አራት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላት ጠባብ የእንጨት ሳጥን አናጢ በደቂቃዎች ይሠራላችኋል። ውስጧን ዘይት ቀቡ፤ አፈሩን አርጥባችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ለሳምንት ያህል ይድረቅ። ሲደርቅ አፈሩ ይሰበሰባል። ወደ አንድ ጫፍ ገፋ አድርጉትና ክፍተቱን ለኩ። ሰፋ ካለ ያ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ አሸዋ ወይም ገረጋንቲ ጨምራችሁ ድገሙት። ሳጥኗ ላይ የታየው ስንጥቅ ግድግዳው ላይ ሊታይ የነበረው ነው።

ሦስተኛው የውሃ ሙከራ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አፈሩ ምን ያህል ይርጠብ? የበሶ ጭብጦ ታውቃላችሁ። በሶው ውሃ ሲያንሰው ይፈረፈራል፤ ሲበዛበት እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ልኩን ሲያገኝ ደግሞ ጨበጥ ሲደረግ ቅርጹን ይዞ እጅ ላይ ሳይቀር ይወጣል። የግድግዳ አፈርም እንዲሁ ነው። እፍኝ ሙሉ ጨብጡ። እጃችሁን ሳያጨቀይ ቅርጽ ከያዘ ከደረታችሁ ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ጣሉት።

ሦስት አራት ቦታ ከተከፈለ ልኩ ነው። ዱቄት ከሆነ ውሃ አንሶታል። ተጠፍጥፎ ሳይሰበር ከቀረ ውሃ በዝቶበታል።

ይህን ሙከራ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እናድርገው? አንዴ ጠዋት አድርጎ መተው አይበቃም። ፀሐይ ስትበረታ ክምሩ ይደርቃል፤ ማታ ይቀዘቅዛል። አዲስ ድብልቅ በተዘጋጀ ቁጥር ጨብጡ፣ ጣሉ። ጨብጡ፣ ጣሉ። ለመሥራት ደቂቃ አይፈጅም።

ሲሚንቶ የምትጨምሩ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ውሃ ካገኘ በኋላ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ተጠቅጥቆ ማለቅ አለበት። ደቦው ብዙ ነው ብሎ አንድ ትልቅ ክምር መደባለቅ የተለመደ ጥፋት ነው። ምሳ ተበልቶ ሲመለሱ ድብልቁ መያዝ ጀምሯል። ያንን እያፈረሱ መጠቅጠቅ ደካማ መደብ ይፈጥራል። ጥቂት ጥቂት ደባልቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሃይላንዱም፣ ሳጥኑም፣ ጭብጦውም ደኅና ውጤት ከሰጡ ወደ ቤቱ እንሂድ? አይ፤ ገና ነው። አንድ ትንሽ ግድግዳ እንሥራ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ወገብ። የአጥር ጥግ ይሁን፣ ጓሮ መቀመጫ ይሁን፣ ብቻ ቤት አይሁን።

ለዚህ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፎርሙን ከወፍራም ጣውላ ሥሩ፤ በሞራሌ ደግፉት፤ ሁለቱን ጎን በረጅም ቡሎን አስተሳስሩት። የአፈር ግፊት ኃይለኛ ነው። ጣውላው ስስ ከሆነ ይጎብጣል፤ ግድግዳውም አብሮ ያብጣል፤ ቱንቢ ስትጥሉ ሆዱ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ይህን በትንሿ ግድግዳ ላይ ማየት ይሻላል።

መጠቅጠቂያውን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ማሠራት ይቻላል። ከተጣለ ብረት ሁሉን ነገር የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ። መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት ከሥር፣ ቧንቧ እጀታ ከላይ፤ ክብደቱ ስድስት ሰባት ኪሎ ቢሆን ይበቃል። ከባድ ይሁን ብሎ አሥራ አምስት ኪሎ ማሠራት ጉብዝና አይደለም፤ ሰውየው ረፋዱ ላይ ይደክማል፤ ከሰዓት በኋላ የተጠቀጠቀው ልል ይሆናል።

አፈሩ ፎርሙ ውስጥ ሲጨመር ከአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሲጠቀጠቅ ወደ አሥር ይወርዳል። ፎርሙን እስከ አፉ ሞልቶ ከላይ መደብደብ ፈጣን ይመስላል፤ ግን ላዩ ብቻ ይጠነክራል፣ ሥሩ ልል ይቀራል። ፎርሙ ሲነሣ ያ ልል ክፍል እጃችሁ ላይ ይፈርሳል።

መቼ እንደበቃው እንዴት እናውቃለን? በጆሮ። አሁን አድምጡ።

(ድምፅ፦ መጠቅጠቂያ ልል አፈር ላይ ሲወርድ፤ የታፈነ፣ ዱብ ዱብ የሚል)

ይህ ገና ነው። አሁን ደግሞ ይህን ስሙ።

(ድምፅ፦ መጠቅጠቂያው የጠነከረ አፈር ላይ ሲወርድ፤ ጠንከር ብሎ የሚያስተጋባ)

ተለየ፣ አይደል? ልል አፈር ድምፁን ይውጠዋል። የጠነከረው ይመልሰዋል፤ መጠቅጠቂያውም እጅ ላይ ነጠር ይላል። ያኔ ቀጣዩን መደብ ጨምሩ። ማዕዘኑንና ጠርዙን አትርሱ፤ ሰው መሐሉን መምታት ይቀናዋል። የሾለ ማዕዘን ደግሞ በቀላሉ ይሸረፋል፤ ፎርሙ ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘን እንጨት ካደረጋችሁ ማዕዘኑ ለስለስ ብሎ ይወጣል።

ትንሿ ግድግዳ ስትደርቅ ጠብቁ። ውሃ ድፉባት። ቢቻል አንድ ክረምት ትለፍባት። የተሰነጠቀ ካለ፣ የተሸረሸረ ካለ፣ ያበጠ ካለ ያ ሁሉ ቤታችሁ ላይ እንዳይደርስ ተደረገ ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ስለ ጉልበት። የመርካቶ ተሸካሚዎች ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። የግድግዳችን ውፍረት አርባ ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን። ከዚያ ግድግዳ አንድ ሜትር ርዝመት ብቻ ብንወስድ ስንት ኩንታል አፈር ይገባበታል? ገምቱ።

(ቆም)

ሃያ ኩንታል ያህል። ለአንዲት ሜትር። አራት በአምስት የሆነች አንዲት ክፍል በርና መስኮቱ ተቀንሶ ሦስት መቶ ኩንታል ገደማ ትፈልጋለች። ተቆፍሮ፣ ተነፍቶ፣ ተደባልቆ፣ ተነሥቶ፣ ተጠቅጥቆ። «አፈር ነፃ ነው» የሚል ሰው ጉልበቱን አልቆጠረም። ብዙ በገዛ እጅ የተጀመረ ቤት ወገቡ ላይ የሚቆመው ገንዘብ አልቆ ሳይሆን ሰው ደክሞ ነው። ከዚያ ክረምት ይደርስበታል።

ስለዚህ ሥራውን መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። የበልግ ዝናብም እንዳለ አስቡ፤ ሸራ ይዘጋጅ። ከሰኔ በፊት ግድግዳው ከጣሪያ ሥር ይሁን። የማይደርስ ከመሰላችሁ ክፍሉን አሳንሱ እንጂ ዝናቡን ለመቅደም አትጣደፉ።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀረ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲያናውጠን ብዙዎቻችን ሌሊት ከቤት ወጥተናል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ነው።

የጭቃ ቤት እንጨቱ ይወዛወዛል፤ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል እንጂ በአንዴ አይናድም። የተጠቀጠቀ አፈር ግን ከባድ ነው፤ ወደ ጎን ሲገፋ ደካማ ነው። እዚህ ላይ በገዛ እጅ መሞከር የለም። በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚያስር አርማታ፣ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉት፣ የግድ ያስፈልጋል። ጣሪያውም ከእሱ ጋር ይታሰር። በርና መስኮት ከማዕዘን ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ረጅም ከሆነ መሐሉ ላይ የሚደግፈው ይኑር። ስንት ፌሮ፣ ምን ያህል ውፍረት የሚለውን መሐንዲስ ይወስነው። የግንባታ ፈቃዱንም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያላችሁም ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። ሃይላንድ ውስጥ የተሳሳተ ሰው አፈር ይለውጣል። ሳጥን ላይ የተሳሳተ አሸዋ ይጨምራል። ትንሿ ግድግዳ ላይ የተሳሳተ ያፈርስና ያንኑ አፈር መልሶ ይጠቀምበታል። ከላይ የሚታሰረውን የዘለለ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ልጆቹ ውስጥ ተኝተው ሳለ ነው። ከግድግዳው በፊት መሳሳት የሚቻለው የትኛውን ስህተት ለሙከራ እንደምንተው፣ የትኛውን ለባለሙያ እንደምንሰጥ ስንለይ ነው።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ባዶ ሃይላንድ ፈልጉ። ከግቢያችሁ፣ ወይም ቤት ልትሠሩበት ካሰባችሁት ቦታ፣ ጉልበት ያህል ቆፍራችሁ አፈር አውጡ። ጨው፣ ውሃ፣ በጥብጡ፣ አስቀምጡ። በማግስቱ ስንት መደብ እንደረጋ፣ የትኛው እንደበዛ ጽፋችሁ ያዙ። ልጆች ካሉ አብረዋችሁ ይሥሩ፤ ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ይሆናቸዋል።

የጻፋችሁትን ይዛችሁ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ጠብቁን። ሸክላ ለበዛበት አፈር ስንት እጅ ገረጋንቲ እንደሚጨመር፣ ኖራ መቼ ከሲሚንቶ እንደሚሻል አንድ በአንድ እንሠራዋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)